ላሞች የላሱት መስመር

ያደግኩት ከጣርማ በር በላይ፣ ጉም ረፋድ ድረስ ከደጅ በማይነሳበት ብርድ አገር ነው። መምህርት ሆኜ ወደ ቀወት ቆላ ስመደብ ያስፈራኝ ሙቀቱ ነበር። እውነቱን ለመናገር ሙቀቱን ቶሎ ለመድኩት፤ ጃንጥላ ገዛሁ፣ ሹራቤን ለእናቴ መለስኩ፣ አለቀ። ያስቸገረኝ ሌላ ነው። እኔ የስፖርት መምህርት ነኝ፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ሜዳ አልነበረውም። ግቢው ተዳፋት ነው፤ ኳስ አንዴ ካመለጠች ልጆቹ ፈልገው የሚያገኟት የሰው ሽንኩርት ማሳ ውስጥ ነው። ሜዳ የሌለው የስፖርት መምህር ፊሽካ ያንጠለጠለ ሥራ ፈት ነው።

አንድ ደልዳላ ቦታ ነበር፤ ከትምህርት ቤቱ በስተጀርባ ያለው የግጦሽ መሬት። መሬቱ ወደ ወንዙ የሚወርደው በሰፋፊ ደረጃ ነው፤ አንዱ እርከን ሲያልቅ ሌላው ይቀጥላል። ሽማግሌዎቹ "ይህ ሁሉ ድሮ ሐይቅ ነበር፤ እየሸሸ ሲሄድ ዳርቻውን እዚህም እዚያም ጥሎት ነው" ይላሉ። እኔ ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ ነኝና ሳቅኩባቸው። ከዚያ አንዲት ተማሪዬ አፈሩን በጣቷ ጫር ጫር አድርጋ ምስር የምታክል የቀንድ አውጣ ቅርፊት መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ሌላም ጫረች፣ ሌላም። በበጋ የምንጠጣውን ውሃ በአህያ በምናስመጣበት አገር መዳፌ በሐይቅ ቅርፊት ሞላ። ከዚያ ወዲህ የዚያ አገር ሽማግሌ የሚለኝን ሁሉ አምናለሁ፤ ስለ ትዳሬ የሚሉኝ ሲቀር።

ሰዉ ቦታውን ነጩ ሜዳ ይለዋል። በበጋ ማለዳ የመጣ ሰው ሌሊቱን ዱቄት የተነፋበት ይመስለዋል፤ ጨው ከሥር ወጥቶ ላዩ ላይ ይደርቃል። ቀን ንፋሱ ሲጠርገው ሥሩ አመድማ ነው፣ ጥንካሬውም እንደ ሲሚንቶ ነው። ሣሩ እዚህም እዚያም ጉብ ጉብ ብሎ ይበቅልና መሃሉ ራሰ በራ ይሆናል። ሲዘንብ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። አፈሩ ውሃ አይጠጣም። ጎረቤቱ ያለው ዋልካ የዘነበበትን ሁሉ ውጦ ሲያብጥ፣ ይሄኛው ውሃውን ላዩ ላይ እንደያዘ ለቀናት ይቀመጣል፤ ውሃውም እየቆየ ሲሄድ የጠቆረ ሻይ ይመስላል። የረገጠውን ሰው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። እንዲያውም እናቶች ሳሙና ሲያጥር ልብስ ያጥቡበት እንደነበር ነግረውኛል። ደህና ሣር ያለው ላይኛው ጠርዝ ላይ ብቻ ነው፤ እዚያ አሸዋና ጠጠር ስላለበት ውሃው ሰርጎ ይወርዳል፣ ጨውንም ይዞት ይሄዳል።

ሳይንስም ደርቤ አስተምር ነበርና አንድ ቀን ከዚያ አፈር በጣሳ ይዤ ክፍል ገባሁ። ሎሚ ቆርጬ ጨመቅኩበት። አፈሩ ተንጨረጨረ፣ አረፋ ደፈቀ። ክፍሉ በጩኸት ተናጋ፤ ኋላ የነበሩት ዴስክ ላይ ወጡ። "ሎሚ አሲድ ነው፣ አፈሩ ተቃራኒው ነው፣ አልካላይን ይባላል፤ ሲገናኙ እንዲህ ይሆናሉ" እያልኩ ሳስረዳ ያቺ ቅርፊት የሰጠችኝ ልጅ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ጎመዘዘው ማለት ነው?"

ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እስካሁን አላገኘሁም።

የሴቶች ኳስ ቡድን እንዳቋቁም የጎተጎተችኝም እሷው ናት። እግሯ ፈጣን ነው፣ ስትመታ ደግሞ አትራራም። ችግሩ አያቷ ነበሩ። በነጩ ሜዳ ዙሪያ ከማንም በላይ ከብት ያላቸው እሳቸው ናቸው፤ በግጦሽ ጉዳይ መንደሩ የሚሰማው የእሳቸውን ቃል ነው። ፈቃድ ልጠይቅ ቤታቸው ሄድኩ።

"ጋሼ፣ ልጆቹ ትምህርት ሲያልቅ ሜዳው ላይ ቢጫወቱ አንቱ ምን ይላሉ?"

"ከብቱስ?" አሉኝ።

"ከብቱ አይጫወትም" አልኩ። ምላሴ እንዲህ ነው፤ ከእኔ ቀድሞ ይሮጣል።

አልሳቁም። ሕጋቸውን ነገሩኝ። ራሰ በራው ላይ ብቻ እንድንጫወት፤ ላይኛው ጠርዝ ያለው ሣር እንዳይረገጥ። "ዝናብ ከነካው በኋላ ደግሞ ታች ድርሽ እንዳትሉ። እርጥቡን ከረገጣችሁት የእግራችሁ ጉድጓድ እንደ ድንጋይ ደርቆ የላም እግር ሲሰብር ይከርማል። እኔ ከብቴንም አላስገባም።" ልወጣ ስል ጨመሩልኝ፦ "ይሄ ኳስ ሣሬን የነካ ቀን ወላሂ ያኔውኑ አበቃ። የልጅ ልጄም ወደ ከብቷ ትመለሳለች።"

ቡድናችን እንዲህ ሆኖ ተጀመረ። ኖራ መግዣ ስላልነበረን ለመስመር የሚሆን ነጭ ነገር አሰብኩና በራሴ ብልጠት ተደሰትኩ። ነጭ ነገር እግራችን ሥር ሞልቶ! ልጆቹ በታችኛው ዳር ወፍሮ የተጋገረውን ጨዋማ ቅርፊት ፍቀው፣ በድንጋይ አድቅቀው በጆንያ አመጡ። ስናሰምር ዋልን። ማዕዘኑ፣ የቅጣት ምት ክልሉ፣ የመሃሉ ክብ ሳይቀር ወለል ብሎ ታየ። ኮራሁ።

በማግስቱ ጠዋት ብደርስ ላሞቹ መስመሩን ተከትለው በሰልፍ ይልሳሉ። አንዲት ቀይ ላም የቅጣት ምት ክልሉን ሙልጭ አድርጋ ጨርሳ መሃሉ ክብ ላይ ደርሳለች፤ ክቡንም ሳታዛንፍ እየዞረች ነበር። ጋሼ ዳር ቆመው ዓይናቸው እስኪያነባ ይስቃሉ። ሲስቁ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው።

"መምህርት፣ አላህ ይስጥሽ፤ አድቅቀሽ አቀረብሽላቸው" አሉኝ። "ከብቱ አይጫወትም አላልሽም? ይኸው ገባልሽ!"

ከዚያ በኋላ ልምምድ ባለን ቁጥር ልጆቹ ያሰምራሉ፣ ላሞቹ ያጠፋሉ። ቢሆንም ሕጉን ጠብቀን ሰነበትን፤ ሣሩን አልነካንም።

በልግ ላይ የሸዋ ሮቢት ልጃገረዶች ሊገጥሙን ቀን ተቆረጠ። ጨዋታው የግድ እኛ ጋ መሆን ነበረበት፤ ወላጆቹ ልጆቻቸውን ለኳስ ብለው ከተማ እንደማይልኩ አንድ በአንድ ነግረውኛል። እናቶቹ ደግሞ ልጆቻቸው ሲጫወቱ አይተው አያውቁም። እዚህ ካልተጫወቱ የትም አይጫወቱም ማለት ነው። ሌሊቱን ዘነበ። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ የሚባለው ለዚያ ሜዳ ነው፤ ጠዋት ስደርስ ከዳር እስከ ዳር ሻይ ተሞልቷል።

የከተማዎቹ በአይሱዙ እየዘፈኑ መጡ። መምህራቸው ሜዳውን ልይ ብሎ አንድ እግሩን አስገባና ቁጭ አለ። ነጭ ቱታ ነበር የለበሰው። ልጆቹ ሁሉ፣ የእሱም የእኔም፣ በሳቅ ፈነዱ። እሱም እየሳቀ ተነሳና "እዚህማ አይሆንም፤ መኪናው ሁላችንንም ይይዛል፣ ከተማ ወርደን እንጫወት" አለ።

ሳቁ ቆመ። እናቶቹ ማንጎና ሽምብራ ቆሎ ይዘው ዳር ቆመዋል። የጋሼ የልጅ ልጅ ኳሷን ደረቷ ላይ አቅፋ መሬት መሬት ታያለች። እንባዬ መጣ፤ አልደብቅም። ላይኛው ጠርዝ ያለው ሣር ላይ በእርግጥ ውሃ እንዳልተኛ ይታየኛል፤ ግን ቃል ሰጥቻለሁና አልጠየቅኩም። ምላሴ በሕይወቱ አንድ ቀን አርፎ ተቀመጠ።

ጋሼ ብቻቸውን ወደ ጠርዙ ወጡ። ሣራቸው መሃል ቆመው በተረከዛቸው መሬቱን ጫን ጫን አደረጉ። ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ።

"ጠጠሩ ውሃውን ጠጥቶታል። ኑ ውጡ!"

"ጋሼ፣ ሣሩስ?" አልኩ።

"ሣር ነው፣ ይበቅላል" አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ልጆቹ እልል እያሉ ዳገቱን ወጡ። ድንጋይ ደርድረን ጎል ሠራን። መስመር ግን የለም፤ ነጩን ዱቄት ዝናቡ አሟሙቶታል። ጋሼ ይህን ሲያዩ ዱላቸውን በአንደኛው ጎል ድንጋዮች መካከል መሬት ላይ አጋደሙት። ሌሎቹ ወንዶች እርስ በርስ ተያዩ። እዚያ አገር ወንድ ዱላውን ከእጁ የሚያወጣው ለጸሎትና ለእንቅልፍ ነው። አንዱ አስቀመጠ፣ ሌላው ቀጠለ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ዱላውን በዳር በዳር እያጋደመ ሄዶ ሜዳው ተሰመረ። ከዚያ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው፣ አንዳንዱ ኪሱ ከትቶ፣ አንዳንዱ አጣምሮ ቆሙ። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የከተማዎቹ አንድ አገቡ። እኛ ሮጥን፣ ወደቅን፣ ተነሳን፤ አላገባንም። ፊሽካ ሊነፋ ሲል የጋሼ የልጅ ልጅ ሁለት ልጆች አልፋ መታች። በረኛዋ በጣቷ ነካቻት፤ ኳሷ ቀስ እያለች በእርጥቡ ሣር ተንከባልላ የጋሼ ዱላ ላይ ስትደርስ ቆመች። እልልታው ቀለጠ፤ እናቶቹ ሜዳ ገቡ። ፊሽካ የያዘው የከተማው መምህር እኔን አየኝ፣ እኔ እሱን አየሁት፤ ሁለታችንም ዱላው አጠገብ ቁጢጥ ብለው ወደነበሩት ጋሼ ዞርን። አልፋለች ቢሉ የሚከራከራቸው አልነበረም። ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩ።

"ዱላዬ ላይ ናት። አላለፈችም።"

"አባዬ!" ብላ ጮኸች የልጅ ልጃቸው።

"ወላሂ አላለፈችም። በቅሎ ላይ እንደወጣ ሰው ተፈናጣ ተቀምጣለች።"

ተሸነፍን። ልጆቹ ሣሩ ላይ ተዘርግተው አለቀሱ። እኔም ሽማግሌውን ላቅፋቸው ወይስ ልቆጣቸው ግራ ገብቶኝ ቆምኩ። የአይሱዙው ሞተር ተነሳ። ጋሼ ዱላቸውን አንስተው በቀጥታ ወደ ከተማው መምህር ሄዱ። ከኋላቸው ሣሩ ተፈንቅሎ፣ ተረግጦ፣ የተጋጠ ቦታ መስሏል። አለቀልን፣ ዳግመኛ እንዳትመጡ ሊሉት ነው ብዬ ተከተልኳቸው።

"መቼ ነው የምትመለሱት?" አሉት።

"ማለት?"

"ተሸንፈን አንቀርም። ቀን ቁረጥ።"

ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞሩ ቀጠሉ፦ "እስከዚያ ልጆቹ እዚሁ ሣሩ ላይ ይለማመዱ። ደረቁን ብቻ ስለለመዱ ነው እግራቸው የተሳሰረው። ከብቱን እኔ ማዶ አሰማራለሁ።"

የልጅ ልጃቸው ይህን ስትሰማ እንባዋን ሳትጠርግ ኳሷን አንስታ እንደገና ወደ ጎሉ ሮጠች።