በረኛውን በሬዲዮ የዘለፈው ሽማግሌ

መጀመሪያ አንድ ነገር ላርም። «እትዬ ጽጌ ለሽምግልና ሄደው፣ መልስ ሳይሰጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው የልጁን ትዳር አበላሹ» ተብሏል አሉ። አልተቀመጥኩም። ዛሬ ከሰዓት በኋላ እዚያ ቤት ከገባሁ እስክወጣ ድረስ ቆሜ ነበር። ጉልበቴ ምስክር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው።

የእህቴ ልጅ ብሩክ እዚህ ዳላስ ባለው የሐበሻ ኳስ ቡድን በረኛ ነው። የቡድኑ ባለቤት ጌታሁን ይባላል። ማልያ የሚገዛው፣ ሜዳ የሚከራየው እሱ ነው። ከአየር ማረፊያው መንገደኛ የሚያመላልሱ ቫኖች አሉት፤ ብሩክም የሚሠራው ለእሱ ነው። ብሩክ ሰብለ የምትባል ልጅ ሊያገባ አስቦ፣ «ጋሽ ጌታሁን፣ ሽማግሌ ይሁኑልኝ» ብሎ ለመነው። እሱም ደስ ብሎት እሺ አለ።

ባለፈው ቅዳሜ ቡድኑ ከሂዩስተን በመጡ ልጆች ተሸነፈ። በማግስቱ ጌታሁን የሐበሻው ሬዲዮ ላይ ቀረበ። «ቡድናችን ጥሩ ነው፤ በረኛችን ግን እንቅልፋም ነው። ኳሷ ስትገባ ማዛጋቱን አልጨረሰም ነበር» አለ። እሁድ በዚያ ሰዓት ታክሲ ነጂው ሁሉ አየር ማረፊያ ተራ እየጠበቀ ሬዲዮኑን ይሰማል። የሰብለ አባት አቶ ሰይፉም ታክሲ ነጂ ናቸው።

ለጌታሁን ደወልኩለት።

«ምን ነካህ?»

«እትዬ፣ አውሮፓ እኮ የክለብ ባለቤቶች ተጫዋቻቸውን ጋዜጣ ላይ ነው የሚዘልፉት። ፕሮፌሽናል ነገር ነው። ሶ... አይክፋዎት።»

«ቅዳሜ ለዚሁ ልጅ ሚስት ልትለምን አይደለም እንዴ?»

«እሱ ሌላ፣ ይሄ ሌላ። ኳስ ቢዝነስ ነው።»

በእሱ ምትክ ሌላ ሰው እንዳንፈልግ፣ ኢኮኖሚው ከወደቀ ወዲህ ቅዳሜ ሥራ የማይገባ ሽማግሌ የለም። እሺ ያለን ሰው መሻርም ነውር ነው። ሦስተኛው ሽማግሌ እንኳ ግሬፕቫይን ከተማ የሚሠራበት ሆቴል ፈረቃ ቀይሮበት ቀረ። በእሱ ቦታ እኔ ገባሁ። በእኔ ዘመን ሴት ለዚህ አትላክም ነበር... ግን ቁጥሩ መሙላት አለበት።

ስለዚህ ጌታሁን፣ ጆሯቸው የደከመ ጋሽ ወርቁ የሚባሉ አዛውንት፣ እና እኔ ሄድን።

አቶ ሰይፉ በሩን ከፈቱና «ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉ።

«ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ወርቁ፣ እንደ ደንቡ። ቆምን።

ጌታሁን ኮቱን ቆልፎ ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጅዎን ለልጃችን ልንለምን ነው የመጣነው። ልጃችን ጨዋ ነው፣ ታታሪ ነው፣ ንቁ ነው...»

«ንቁ» ሲል እኔ ምንጣፉን አየሁ።

አቶ ሰይፉ በትሕትና፣ «አቶ ጌታሁን፣ ልጄን የምሰጠው ባለፈው እሁድ ለነገሩን ልጅ ነው ወይስ ዛሬ ለሚነግሩኝ?» አሉ።

«ያ እኮ... ማለቴ... ለስፖርቱ ነው። ሞራል ለመስጠት።»

«ሞራሉ ደርሶናል። ተራ ስጠብቅ አንዱ ሾፌር መስኮቴን አንኳኩቶ ‹ለእንቅልፋም ልትድር ነው አሉ፤ ፍራሹን እኔ ልግዛ?› አለኝ።»

የውስጠኛው ክፍል በር ገርበብ ብሏል። በክፍተቱ የሰብለ ነጠላ ጫማ ይታየኛል። አይንቀሳቀስም።

እዚህ ላይ ነው የተናገርኩት። ሽማግሌ ከሽማግሌ ጋር በሰው ፊት እንደማይከራከር አውቃለሁ፤ እንደዚያ ነው ያደግሁት። ግን ጫማው አልንቀሳቀስ አለኝ።

«ጌታሁን» አልኩት፣ «ከጨዋታው በፊት በነበረው ሌሊት ብሩክ የማንን ቫን ሲነዳ አደረ?»

የኮቱን ቁልፍ ፈታ።

«እረፍቱ አልነበረም? ና ያልከው አንተ አይደለህም?»

ጋሽ ወርቁ፣ «ምን አለች?» ብለው ጠየቁ።

«የኔን ነው» አለ ጌታሁን በመጨረሻ። «አንዱ ሾፌር አሞኛል ብሎ ኮል አደረገና ቀረ... ሰው አጣሁ። ብሩክ ከቫኑ ወርዶ በቀጥታ ወደ ሜዳ ነው የመጣው።»

አቶ ሰይፉ ለረጅም ጊዜ አዩት። «እኔም ሌሊት ነው የምነዳው» አሉ። «የሰው እንቅልፍ ወስዶ ‹እንቅልፋም› ማለት... ልጁን አልጠላሁትም። ግን ስሙ የጠፋው በሬዲዮ ነው፤ በእኔ ሳሎን አይመለስም። ነገ እዚያው ቀርበው ያሉትን ያንሱ። የማንን መኪና ሲነዳ እንዳደረም ይናገሩ። ከዚያ በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመለሱ፤ ያኔ ትቀመጣላችሁ።»

ጫማው ከበሩ ዞር አለ። ወጣን።

መኪና ውስጥ ጌታሁን፣ «እትዬ፣ በሰው ፊት አዋረዱኝ እኮ» አለኝ።

«እኔ በአንድ ሳሎን ውስጥ ነው። አንተ በስንት ታክሲ?»

እውነቱን ለመናገር ደክሞኝ ነበር። ካሮልተን ቤቴ ሳልደርስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ጌታሁን ስላለው አይደለም፣ አቶ ሰይፉ ስላሉትም አይደለም። እኔ ተቀመጥኩ ነው የተባለው።

ነገ መጀመሪያ ጉልበቴን ቅባት እቀባለሁ። ለብሩክ አልደውልም፤ ይተኛ። ለጌታሁን ግን እደውላለሁ። የሚናገረውን አስቀድሞ ለእኔ ይበለው፤ የእንግሊዝኛውን «ሶ»ና «ማለቴ»ውን ከውስጡ አስወጣለሁ። ሰዓቱ ሲደርስ ሬዲዮኑን እከፍታለሁ።

እሱን ግን ተቀምጬ ነው የምሰማው።