በበረዶው ላይ የመለስኳት ሳንቲም

ሰይድ በሕይወት እያለ ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለእናቴም፣ ለእህቴም፣ አንድ ትራስ አብሬው ለተጋራሁት ለራሱ ለሰይድም። አሁን ባሌ የለም። ለሱ ያልነገርኩትን ለማላውቃችሁ ለእናንተ ልነግር ቁጭ ብያለሁ። አንዳንድ ቀን ሁለት መስመር ጽፌ እነሳለሁና ታገሱኝ።

ሰይድ የእንስሳት ሐኪም ነበር። ከወሎ መጥተን አዋሽ ከተማ፣ በቤታችን የፊት ክፍል፣ ትንሽ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ከፈትን። በራችን ላይ የሚቆሙት አብዛኞቹ የጋሪ ፈረሶች ነበሩ፤ ደረታቸውን ገመድ የላጠው፣ ኮቴያቸውን ሚስማር የወጋው። ሰይድ ቁስሉን ከመንካቱ በፊት የፈረሱን ግንባር እያሻሸ ያወራው ነበር። ባለጋሪዎቹ ይስቁበታል።

«ዶክተር፣ እኔንም እንዲህ ብታባብለኝ እኮ በሽታዬን ሁሉ እዘረግፍልህ ነበር!» ይለዋል እድሪስ፣ ዳማ የሚባል ፈረስ የነበረው ባለጋሪ።

«አንተ ትዋሻለህ፤ ዳማ አይዋሽም» ይለዋል ሰይድ።

በሥራው ሕግ ግን ቀልድ አያውቅም ነበር። ሙቀት ያገኘው መርፌ አይወጋም፤ ለብቻው ተቀምጦ እንዲወገድ ይደረጋል። የአዋሽን ሙቀትና የመብራቱን አመል ስለሚያውቅ፣ በፍሪጁ የበረዶ ክፍል ውስጥ አንድ ኩባያ ውሃ ያስቀምጣል። ውሃው በረዶ ሲሆን ከላዩ ሳንቲም ያኖራል። ከመንገድ ሲመለስ ሳንቲሟ እላይ ካለች መድኃኒቱ ደህና ነው። ታች ከወረደች በረዶው ቀልጦ ነበር ማለት ነው፤ ያን ጊዜ በፍሪጁ ያለው መርፌ ሁሉ ይወገዳል።

አንድ ጊዜ የሙያ ፈቃዱን ሊያሳድስ ሰመራ ሄደ። እኔ ሲመለስ እንዲያምርበት ብዬ ነጩን ጋዋኑን ልተኩስ ተነሳሁ። ሶኬቷ አንድ ናት። ፍሪጁን ነቅዬ ካውያውን ሰካሁ። ኪሱን ሳይቀር፣ የአንገቱን እጥፋት ሳይቀር ተኮስኩለት። በመሃል የጎረቤት ሴቶች ለሰርግ ሥራ ጠሩኝ። ካውያውን ነቅዬ ወጣሁ። ፍሪጁን ረሳሁት። ሰርግ ቤት አድሬ ስመለስ ከፍሪጁ ሥር ውሃ ተኝቷል፤ ሳንቲሟም ከኩባያው ግርጌ።

እስከዚህ ድረስ መርሳት ነው። ሰው ይረሳል። የምናዘዘው ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ነው። ፍሪጁን ሰካሁ። ሳንቲሟን አወጣሁ። ውሃው እስኪረጋ ጠበቅሁና ሳንቲሟን ከበረዶው በላይ መልሼ አስቀመጥኳት። እኔ ነኝ። በገዛ እጄ። ለምን? ሰይድ ቁጡ አልነበረም። «አይዞሽ» ብሎ ሁሉንም ባስወገደው ነበር። ፈርቼ ሳይሆን አፍሬ ነው። በዓይኑ ፊት የነበረኝን ቦታ ላጣ አልፈለግሁም። ይህ ምክንያት ይባላል?

የመንገዱ አቧራ ከላዩ ሳይራገፍ መጀመሪያ የከፈተው ፍሪጁን ነው። ሳንቲሟን አይቶ ሳቀ።

«ፈቃዱን ለኔ ከሚሰጡኝ ላንቺ ቢሰጡሽ ይሻላል!»

እኔም ሳቅሁ። እንዴት ሳቅሁ?

ብዙም ሳይቆይ እድሪስ ዳማን እያነከሰ አመጣው። ኮቴው ላይ ሚስማር ገብቷል። ሰይድ የተኮስኩትን ጋዋን ለብሶ ቁስሉን አጠበ፣ ከፍሪጁም የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ አውጥቶ ወጋው። የዳማን ልጓም የያዝኩት እኔ ነበርኩ። አፌ ከሰይድ ጆሮ አንድ ክንድ አይርቅም ነበር። ዝም አልኩ። ቀናት አለፉና የዳማ መንጋጋ ተቆለፈ፤ ገላው እንደ እንጨት ደርቆ ሞተ።

መርፌው ደህና ቢሆንም ይሞት ይሆናል። አላውቅም። እንዳይታወቅ ያደረግሁት ግን እኔ ነኝ።

ሰይድ ጥፋቱን በራሱ ላይ አደረገ። ቁስሉን በደንብ አላጠብኩትም አለ። እድሪስ ቤት ሄዶ «እጄ ነው የበደለህ፤ ይቅር በለኝ፣ አውፍ በለኝ» አለው። እድሪስ ፊቱን አዞረ። ከዚያ ወዲህ ሰይድ ኮቴ ባከመ ቁጥር ቤት ገብቶ እጁን እያገላበጠ ያየው ነበር። ያን እጅ ስሜዋለሁ። በመጨረሻ ሕመሙ ጊዜ አጥቤዋለሁ። እውነቱን ግን ነፈግሁት።

ዘንድሮ ሞተ። ጀናዛው ከቤት ሊወጣ ሲል፣ እንደ ደንባችን፣ «በሟች ላይ ሐቅ ያለው፣ የተበደለም ካለ ይናገር» ተባለ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ከመጋረጃው ወዲህ ነበርኩ። የእድሪስን ድምፅ ሰማሁ።

«ስለ ዳማ አውፍ ብዬዋለሁ። ለአላህ ብዬ።»

ሴቶቹ «ምን ዓይነት ሰው ነው!» እያሉ አለቀሱ። ሰይዴ ባልሠራው በደል አውፍ ተብሎ ወደ መቃብሩ ሄደ። የበደሉ ባለቤት እኔ ግን ሻሼን ነክሼ ቀረሁ።

ኢዳዬን፣ የባል ሐዘን ወራቴን፣ እንደጨረስኩ፣ ከቤት መውጣት ስችል፣ መጀመሪያ የሄድኩት እድሪስ ዘንድ ነው። አሁን ባጃጅ ነው የሚነዳው። ሞተሩን አጥፍቶ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። መሪውን በመዳፉ ሲያሻሽ ቆየ፤ ልክ ሰይድ የፈረስ ግንባር እንደሚያሻሸው።

«እትዬ ዘሀራ፣» አለኝ፣ «ስለ ፈረሴ አውፍ ብዬሻለሁ። ስለ ሰይድ እጅ ግን አውፍ የምልሽ እኔ ማን ነኝ?»

እውነቱን ነው። ስለዚህ እናንተንም ይቅርታ አልለምናችሁም፤ ይቅር የሚለኝ ሰው አፈር ውስጥ ነው። መድኃኒት ቤቱ ተዘግቷል። ፍሪጁ ግን ይሠራል፤ ኩባያዋም አለች። ሳንቲሟን ያን ቀን እንዳገኘኋት ከታች አድርጌ ውሃውን አርግቼዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። አዋሽ ላይ ስለ ዳማና ስለ ሐኪሙ ሲወራ ከሰማችሁ፣ የሰይድ እጅ ንጹሕ ነበር በሉልኝ።