የሱሉልታው የዓይን ምርመራ

የጭንቅላት ዕጢ ካስወጣሁ በኋላ ሁሉ ነገር ሁለት ሁለት ሆኖ እየታየኝ እቸገር ነበር። ለዓይን ኦፕራሲዮን ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ፣ የከተማዋን ማስተር ፕላን የሚቃወሙ ወጣቶች መንገዱን በድንጋይ ዘግተው «መኪና አያልፍም፤ በእግራችሁ ሂዱ» አሉን። ሚስቴ ሕመሜን ብትነግራቸው አንዱ ጎረምሳ አላመነም። ሁለት ጣቱን ቀስሮ «ኦቦ፣ ይሄ ስንት ነው?» አለኝ።

«አራት።»

ሳቁና ድንጋዩን አንስተው አሳለፉን።

ኦፕራሲዮኑ ተሳካ። በሦስተኛው ቀን ስንመለስ መንገዱ አሁንም ዝግ ነው፤ ያው ጎረምሳ ሁለት ጣቱን ቀሰረ። ሚስቴ ጎኔን እየጎሸመች «አራት በል!» ትለኛለች። እኔ ግን ከደስታዬ ብዛት «ሁለት!» ብዬ ጮህኩ።

ጎረምሳው የመኪናውን በር ከፍቶ አቅፎ ሳመኝ።

«እሰይ ኦቦ፣ እንኳን እግዜር ማረዎት! በሉ እንግዲህ ይውረዱና እንደማንኛውም ጤነኛ በእግርዎ ይግቡ።»