ቀለበት ያጣችው ቴ

ሬሳው የመጣው ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ከወገቡ በላይ ከስሎ። ፊት አልተረፈለትም። ጥርሶቹ በድንጋይ ረግፈዋል፤ ጉልበቱ በብረት ተሰብሮ ወደ ጎን ዞሯል፤ ጣቶቹ ተኮማትረው ከሰል ስለሆኑ አሻራ ማንሳት የማይታሰብ ነው። ደብድበውት ሲያበቁ ጎማ አጥልቀው አቃጥለውታል።

«ሌባ ነው» አለ መርማሪው፣ አፍንጫውን በመሀረብ ይዞ። «ሕዝብ ነው የገደለው። ሕዝብን ደግሞ በየትኛው ካቴና ልሰረው?»

ይቺ አነጋገር! ሕዝብ መታው፣ ሕዝብ አቃጠለው። ሕዝብ የሚባል ፍጡር ክብሪት ሲጭር ያየ አለ? ክብሪት የሚጭረው አንድ እጅ ነው። ያ እጅ ቤቱ ገብቶ ይታጠብና የልጁን ራስ ይዳብሳል።

ሬሳ አጣቢው ባልዲውን ሞላ። ስፖንጁ ከእጁ ስለማይለይ ሆስፒታሉ ሁሉ «ጋሽ ስፖንጅ» ይለዋል።

«ቶሎ በል እንግዲህ፣ ጋሽ ስፖንጅ» አለች ሐኪሟ። «እስከ ስምንት ሰዓት ማንነቱ ካልታወቀ የማዘጋጃ ቤት መኪና ይጭነዋል።»

«ዶክተርዬ፣ እሱ እንደሆነ አይቸኩል። ከዚህ በላይ አይሞት።»

ይጭነዋል ማለት ስም ከሌላቸው ጋር አንድ ጉድጓድ ይገባል፣ መዝገቡም «ማንነቱ ያልታወቀ ሌባ» ተብሎ ይዘጋል ማለት ነው። ገዳዮቹም እፎይ ይላሉ።

ጋሽ ስፖንጅ እዚያ ክፍል አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቷል። ንቅሳት እንደ መታወቂያ ያነባል። መልሕቅ ካየ «የወደብ ሰው ነው» ይላል። የደም ዓይነቱን ደረቱ ላይ ያስነቀሰ ሲመጣ «ወታደር ነው፣ ጦር ሰፈር ጠይቁ» ይላል። በማሽን የተሠራውን በእጅ ከተወጋው በጣቱ ዳብሶ ይለያል። ከየት ተማርክ ሲሉት «ከሙታን» ይላል። ውሸቱን ነው።

የሬሳው ግራ ክንድ ላይ ሲደርስ የተቃጠለውን ቆዳ በእርጥብ ስፖንጅ ማሸት ጀመረ። እሳት የሚበላው የላዩን ነው፤ የንቅሳት ቀለም የሚተኛው ከሥር ነው። ጥቁሩ እየተላጠ ሲወርድ ሰማያዊ ፊደል ብቅ አለ። «እና…» ከዚያ ደግሞ «ቲ»።

እናቲ።

ስፖንጁ ከእጁ ወደቀ።

ጋሽ ስፖንጅን እዚህ ሥራ ያመጣው የሃያ ዓመት ጉድ ነው። ጎረምሳ ሳለ አውቶቡስ ተራ ውስጥ በወረፋ ተጣልቶ ሰው በጩቤ ወጋ፤ ሰውየው አንጀቱን በሁለት እጁ ይዞ እስኪወድቅ ድረስ ፈዞ አየው። ስምንት ዓመት ተፈረደበት። እስር ቤት ውስጥ በእስክሪብቶ ቀፎ ላይ መርፌ አስሮ፣ የላስቲክ ጥቀርሻ በሻምፑ በጥብጦ መንቀስ ያዘ። ፊደል ግን አያውቅም፤ ከብጣሽ ወረቀት እያየ ይገለብጣል። «እናቴ»ን አሥራ አንድ ክንድ ላይ ወጋ፤ አሥራ አንዱም ላይ ቴ እግር ሥር ያለችውን ቀለበት ሳይዘጋት ጭረት አድርጎ ተዋት።

በሁለተኛው ዓመት አንድ አስተማሪ ታስሮ መጣ። ክንዶቹን አየና በሳቅ ፈረሰ። «ይሄ ሁሉ ወንድ እናቲ የምትባል አንዲት ሴት ነው እንዴ የወደደው?» ግቢው አውካካ። ነቃሹ በቡጢ አፉን ብሎ ጥርሱን አወለቀው። በሦስተኛው ቀን ደብተር ይዞ ሄደና፣ «ጋሼ፣ ቀለበቷን ያሳዩኝ» አለው። አስተማሪው በጎደለው ጥርሱ እያፏጨ ከሀ ጀመረለት። ከዚያ ወዲያ የተሳሳተ የለም።

ስለዚህ ያቺን ስህተት የተሸከሙት በዓለም ላይ አሥራ አንድ ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም የዚያ እስር ቤት፣ የዚያ ጊዜ። ከነሱም ከፊደሏ ሥር ሰማያዊ ነጥብ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ መርፌው እዚያ ተሰብሮበታል። ልጁ ፎጣ ነክሶ አንዴም አላቃሰተም፤ ከዚያ በኋላ «ዝምታ» አሉት። «እማዬ ፊደል ባትቆጥርም ይህን አታጣውም» ብሎ ነበር።

ነጥቧ እዚህ ክንድ ላይ አለች።

ጋሽ ስፖንጅ ሥራ ሲቀጠር «ተፈርዶብህ ያውቃል?» ለሚለው «አያውቅም» ብሎ ፈርሟል። ሚስቱ እንኳ የምታውቀው «ውትድርና ነበርኩ» ያላትን ነው። ሁለት ሴት ልጆች ትምህርት ቤት አሉት። ሰዓቱን አየ፤ አራት ተኩል።

«ምን አገኘህ?» አለ መርማሪው።

«ዋና ስሙን አላውቀውም። የነቀሰውን ሰው ግን አውቀዋለሁ።»

«ማነው?»

ሐኪሟ ፊቱን አየች። «ጋሽ ስፖንጅ፣ አስበህ ተናገር።»

«አስቤማ ነው አሥራ ሁለት ዓመት የዋሸሁት። እኔ ነኝ።»

የእስር ቤቱንና የዝምታን ነገር አንድ በአንድ ነገራቸው።

መርማሪው ወደ እስር ቤቱ ደወለ። መዝገቡ ነጥቧን ጭምር አረጋገጠ፤ ዝምታ ሰው ገድሏል ተብሎ ሃያ ዓመት ታስሮ ቅዳሜ የወጣ ነው። ያን ሰው የገደለው ግን ጋራዥ ያሠራው የነበረው አለቃው ነው። «እናትህን እጦራታለሁ» ብሎ ወንጀሉን አሸክሞታል። ዝምታ ወጥቶ ቢያይ ጋራዡ ፎቅ ሆኗል፤ እናቱ በሰው ጓዳ ጥግ ተኝታለች። ሰኞ ጋራዡ ሄደና «በቃ፣ እውነቱን እናገራለሁ» አለ። ሃያ ዓመት ዝም ያለ ሰው ያወጣት አንዲት ቃል! አለቃው በጎማ መፍቻ ብረት ጉልበቱን ሰበረው፤ ጎትቶ ደጅ ጣለውና «ሌባ! ሌባ!» ብሎ ጮኸ። የቀረውን መንገደኛው ጨረሰው። ሥራ ረፍዶበት የሚሮጥ ሰው ሳይቀር ቆመ፣ ድንጋዩን ወረወረ፣ ሰዓቱን አይቶ መንገዱን ቀጠለ። ይህን የተናገረው የጋራዡ መካኒክ ነው፤ እሱም ወርውሯል።

አለቃው ታሰረ። ድንጋይ ወርዋሪዎቹን ማንም አልጠየቀም። ዛሬም አጠገባችን ወረፋ ይዘው ይቆማሉ።

ሐሙስ እናትየው መጡ። የጋሽ ስፖንጅ የስንብት ደብዳቤ ኪሱ ውስጥ ነበር። ሚስቱ ሁለት ቀን አላናገረችውም። የቀረውን አካል በአንሶላ ሸፈነና ያጠበውን ክንድ ብቻ ገለጠላቸው። በጣታቸው ፊደሉን ዳበሱ።

«ምን ይላል፣ ልጄ?»

«እናቴ ሊል ነበር፣ እማማ። የመጨረሻዋን ፊደል አበላሽቻታለሁ። እኔ ነኝ የነቀስኩት፤ ያኔ መጻፍ አላውቅም ነበር።»

«እሱስ አውቆ ነበር?»

«አላወቀም። ትክክል መስላው ኖረች።»

አሮጊቷ ጣታቸውን ከነጥቧ ላይ አላነሱም።

«እኔም አላነባት። ማን ሊያርማት ነው? አሁን የቀረ ሰውነቱን አጥብልኝ፤ ጀርባውም እንዳይቀር።»

ጋሽ ስፖንጅ ባልዲውን ሊሞላ ሄደ።