ሰው አይሸከመኝም ያለው ታከለ

ወገኖቼ፣ ሻሎም ለሁላችሁ። ልመስክር ብዬ እጄን ሳወጣ ባለቤቴ ቀሚሴን ጎተት አደረገና «ስለ እኔ ልታወሪ ነው አይደል?» አለኝ። አዎ፣ ስለ እሱ ነው። እሱ አፉን እስኪከፍት ብንጠብቅ ጌታ ራሱ ቀድሞ ይመጣል። ስለዚህ እሱ ይቀመጥና እኔ ልናገር፣ ስሙ ይባረክ።

ታከለን አሁን የምታዩት እንዲህ ዝም ብሎ ሲስቅ ነው። በፊት እንዲህ አልነበረም። ጎንደር እያለን በሰፈራችን ሁለት ሰው ከተጣላ «ታከለ ይጠራ» ይባል ነበር። እሱ ሲመጣ የተቀመጠው ይነሳል፣ የሚያወራው ዝም ይላል። ከዚያ በአውሮፕላን እስራኤል አመጡን፣ አሽዶድ ከተማ ገባን። እዚህ ማን ይነሳለት? አውቶቡስ ውስጥ እንኳ የሚነሳለት የለም። ፋብሪካ ገብቶ ወለል ሲጠርግ ኖረና ጡረታ ወጣ። ቤት ሲገባ ግን ንጉሥ ነው። ያነገስኩትም እኔው ነኝ፣ ወንድሞች። የጠጣበትን ብርጭቆ ከፊቱ ማንሳት እንኳ አልፈቅድለትም ነበር። ሀገር የወሰደበትን ክብር እኔ በጓዳዬ ልመልስለት ነበር የፈለግኩት። እወደዋለኋ፣ ምን ላድርግ።

ከዚያ ስኳር ያዘው። ስኳሩ መጀመሪያ እግሩን፣ ቀጥሎ ኩላሊቱን ያዘው። ዶክተሯ «በሳምንት ሦስት ቀን ዲያሊዛ ያስፈልገዋል፣ ደሙ በማሽን ይታጠባል» አለችኝ። «ባይመጣስ?» አልኳት። የምታስተረጉምልን ልጅ አንገቷን ደፋች። ዶክተሯ ግን ዓይን ዓይኔን እያየች «ካልመጣ ፔሳሕን አያይም» አለች። ፔሳሕ፣ የፋሲካ በዓላችን ማለት ነው፣ ደርሶ ነበር።

እኛ ደግሞ ያለነው ሮቫ ቤት የሚባለው ሰፈር፣ አሮጌ ሕንፃ፣ አራተኛ ፎቅ ነው። ማዓሊት፣ አሳንሰር የለውም፣ ያለው ደረጃ ብቻ ነው። ወደ አሽቀሎን ሆስፒታል የሚወስደው መኪና ታች በር ላይ ይቆማል፣ እስከዚያ መውረድ የኛ ፈንታ ነው። መጀመሪያ ግድግዳ እየደገፈ ይወርድ ነበር። አንድ ቀን እግሩ ከዳውና ደረጃው ላይ ወደቀ። ወንድሜ መጥቶ «አዝዬህ ልውረድ» ሲለው ታከለ ምን አለ መሰላችሁ? «ሰው ከቤቱ በሰው እጅ የሚወጣው ሲሞት ነው። እኔ አልሞትኩም። ሰው አይሸከመኝም።» ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፣ አበቃ።

አንዱ የዲያሊዛ ቀን አለፈው፣ ሁለተኛውም አለፈው። ፊቱ አበጠ። ትንፋሹ አጠረው፣ ተደግፎ እንጂ መተኛት አቃተው። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አንድ ልቤ «ለምኚው» ይለኛል፣ አንድ ልቤ ደግሞ «ጎረቤት ሁሉ እያየው እንደ ዕቃ ሊወርድ ነው?» ይለኛል። ክብሩን ስጠብቅ ባሌን ልቀብረው ነበር፣ ወገኖቼ።

ወንድም መስፍንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ የምትጠሩት እረኛችን ብላችሁ ነው። እኔ ያኔ የማውቀው የአንደኛ ፎቅ ጎረቤቴ፣ ዳቦ ቤት የሚሠራ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ሰብስቦ የሚዘምር ብዬ ነው። ሲዘምሩ የኛ እምነት አይደለም ብዬ መስኮቴን ድርግም አድርጌ እዘጋ ነበር። በዚያ ሰሞን ደረጃው ላይ ሳለቅስ አገኘኝ። «እትዬ ብርቄ፣ ምን ሆኑ?» አለኝ። ነገርኩት። እንጸልይልዎ ይላል ብዬ ስጠብቅ «መደገፊያ ያለው ጠንካራ ወንበር አላችሁ?» አለኝ። ጌታ ይባረክ፣ መጀመሪያ የጠየቀኝ ወንበር ነው።

ከጉባኤው ልጆች አቪንና ሰለሞንን ይዞ መጣ። አቪ ያኔ ገና ከጻቫ፣ ከውትድርናው መውጣቱ ነው። ታከለ አያቸውና «ልጆቼ፣ ተመለሱ» አለ። መስፍን አልተከራከረውም። ቢከራከረውማ ታከለ ይረታው ነበር፣ በክርክር ማን ችሎት ያውቃል። «ጥሩ ነው ጋሼ። እንግዲያስ ወንበሩ ይሞከር» አለና ራሱ ቁጭ አለበት። «በሉ አንሱኝ» አላቸው።

መስፍንን እዩት፣ ይቅር በለኝ ወንድሜ፣ ዳቦ ቤት የሚውል ሰው ዳቦ አይንቅም። አቪ አፉን ከፍቶ ቀረ። «ጋሼ፣ ቤኤሜት? የእውነትህን ነው?»

«ቤኤሜት። እስከ ታች አውርዳችሁ መልሱኝ።»

አነሱት። እኔ በሩን ይዤ ቆሜያለሁ፣ ታከለም ከአልጋው አንገቱን አስግጎ ያያል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ራያ የምትባል ሩሲያዊት አሮጊት አለች፣ ጫጫታውን ሰምታ በሯን ከፈተች። «ማ ካራ? ምን ሆነ?» ስትል ሰማሁ። መስፍን ከወንበሩ ላይ «ሃኮል በሴዴር፣ ሁሉ ደህና ነው፣ ቲዩል ነው፣ እየተንሸራሸርኩ ነው» አላት። የየፎቁ በር ተከፈተ። የሚስቀው ይስቃል፣ እብድ ነው የሚለውም ይላል። ይህ ሁሉ ሰው የሚሰማው መሪ፣ ጤነኛ ጎልማሳ፣ በወንበር ተቀምጦ ወርዶ በወንበር ተቀምጦ ወጣ።

ሲመለሱ ልጆቹ ላብ በላብ ሆነዋል። ታከለ «አንተ የሰው መሪ አይደለህም እንዴ? አታፍርም?» አለው።

«አፈርኩ እንጂ ጋሼ» አለ መስፍን። «ራያ በሯን ስትከፍትማ መሬት በዋጠችኝ ብያለሁ። ታች ልደርስ ስል ግን ለቀቀኝ። አንቱንም ይለቅዎታል። መንገዱን ቀድሜ ልየው ብዬ ነው።»

ታከለ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ስንት ጊዜው ነበር ሳይስቅ። «ይህን ግንድ ያነሱ ልጆች እኔ አላቅታቸውም» አለና ወደ እኔ ዞሮ «ቆቤን ስጭኝ» አለኝ። ቆቡን አድርጎ ተቀመጠ። መስፍን ክብደቱ የሚያርፍበትን የታችኛውን በኩል ያዘ። በዚያው ቀን ዲያሊዛ ገባ። ፔሳሕን አየ፣ የሚቀጥለውንም አየ። ሃሌ ሉያ።

መስፍን ሌሊቱን ዳቦ ሲጋግር አድሮ ክንዱ ዱቄት እንደሆነ ይመጣል። አንድ ቀን እንኳ «ጉባኤያችን ኑ» አላለንም። ታከለ ነው ራሱ ደረጃ ላይ የጠየቀው፦ «ይህን ማን አስተማራችሁ?» መስፍን ስለ ጌታ ስለ የሹዋ፣ ስለ ኢየሱስ ነገረው፣ ከማዕድ ተነስቶ፣ ፎጣ ታጥቆ፣ የተማሪዎቹን እግር ስላጠበው። «ጌታቸው ሆኖ?» አለ ታከለ። ቅዳሜ ሲሆን «አንደኛ ፎቅ አውርዱኝ» አለ።

እኔ አልወረድኩም። ወንድሜ «የአባቶቻችሁን እምነት ልትጥሉ ነው? አብዳችኋል?» ብሎ ሲቆጣ እኔም ከሱ ጋር ሆንኩ። ባሌን ቀሙኝ ብዬ አኮረፍኩ።

አንድ ቀን ከሆስፒታል ስንመለስ ራያ ደረጃው ሥር የገበያ ዕቃዋን አስቀምጣ ቁና ቁና ትተነፍሳለች። ታከለ «አቁሙ» አላቸው። «ያንን አምጡና ጭኔ ላይ አድርጉት።» አቪ ከዓይኑ ላቡን እየጠረገ «ጋሼ፣ አንቱ ብቻ ይበቁናል እኮ» አለ። ታከለም «እኔ እንደሆን መውጣቴ አይቀር» አለው። ድንቹን ጭኑ ላይ፣ ሐብሐቡን ደረቱ ላይ አቅፎ ወጣ። ራያ በባዶ እጇ ከኋላ ከኋላው ትከተላለች።

እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ብርጭቆ አያነሳም ያልኩት ሰው፣ መራመድ የማይችል ሰው፣ የሰው ሸክም ይዞ ደስ ብሎት ይወጣል። ይህን ዶክተር አይሠራውም። እኔም ሃያ ዓመት ባነግሠው እንዲህ ደስ ሲለው አላየሁም። ያን ጊዜ አመንኩ። ቅዳሜው ሲደርስ ከወንበሩ ኋላ ወረድኩ፣ እነሆ አለሁ።

ኩላሊቱ አልዳነም፣ አልዋሻችሁም። ነገም ይሄዳል። ራያ ደግሞ ብልጥ ናት፣ የምንመለስበትን ሰዓት አጥንታ ነው ገበያ የምትሄደው። አቪ ወገቤን ይላል፣ ጸልዩለት። እኔ ግን አመሰግናለሁ፣ ስሙ ይባረክ።

ዛሬ እዚህ በዘመድ ተለምናችሁ የመጣችሁ፣ ሰው ምን ይለኛል ብላችሁ በር ዘግታችሁ የምትታመሙ አላችሁ። ጌታ ቀድሞ ዝቅ ብሎ መንገዱን አይቶላችኋል። ኃጢአቴ ይከብዳል፣ ዕድሜዬ አልፏል አትበሉት፣ እሱ አይከብደውም። እናንተ ብቻ ቁጭ በሉለት።