እትዬ ቧንቧና አምስቱ ቱቦዎች

በሰፈሩ እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው። ቧንቧ የፈነዳበት ሁሉ «እትዬ ቧንቧን ጥሩልኝ!» ይላል፤ እሷም የዕቃ ሳጥኗን አንጠልጥላ ከተፍ ትላለች። ሙያውን ያስተማሯት አባቷ ናቸው። ወንድሞቿ እጃችን ይቆሽሻል ብለው ሲሸሹ እሷ መፍቻ እያቀበለች አደገች፤ አባቷ ሲደክሙም ሥራውን ተረከበች። ዘንድሮ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ክንዷ የፈረጠመ፣ ሳቋ ግድግዳ ዘልቆ የሚሰማ ሴት ናት።

ባሏ ክላርኔት ተጫዋች ነበር። ሠላሳ ዓመት በሰርግና በሆቴል አዳራሽ ሲነፋ ኖሮ፣ ሁለቱ የፊት ጥርሶቹ ሲወልቁ ሙያውም አብሮ ወለቀ። ሰው ሠራሽ ጥርስ አስገብቶ ሞከረ፤ የሚወጣው ድምፅ ግን የታመመ ፍየል መሰለ። ከዚያ ወዲህ ጥርሱንም ክላርኔቱንም አስቀምጦ ቤት ዋለ። ሬዲዮ ሲከፈት እንኳ «ዝጊው ባክሽ» ይል ነበር።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ከመዋዕለ ሕፃናት ተደወለ። የልጆቹ እጅ መታጠቢያ ተደፍኖ ኮሪደሩ ሐይቅ ሆኗል። እትዬ ቧንቧ ሄደች፤ ያረጀውን የፕላስቲክ ቱቦ ቆራርጣ አወጣችና ቁርጥራጮቹን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ወደ ሥራዋ ዞረች። ይሄኔ ሚጢጢ የሚሏት የአራት ዓመት ልጅ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ የአንዱን ቱቦ አፍ በሶሉ ጠፍ አደረገችው።

«ቡም!» አለ ቱቦው፣ እንደ ሽማግሌ ጎርነን ባለ ድምፅ።

ሚጢጢ መጀመሪያ ደነገጠች፣ ቀጥሎ ሳቀች፣ ከዚያ ደገመችው። እትዬ ቧንቧ መፍቻዋን አስቀመጠች። የራሷን ጫማ አወለቀችና አጠር ያለውን ቁራጭ መታችው፤ ቀጠን ያለ ድምፅ ወጣ። የባሰ አጭሩን መታች፤ የባሰ ቀጠነ። መምህሯ «ምን ጉድ ነው?» እያለች ስትደርስ፣ አሥራ ሁለት ልጆች በባዶ እግራቸው ውሃው ውስጥ ቆመው ቱቦ ይደበድባሉ፤ ቧንቧ ሠራተኛዋም መሐላቸው ትዘላለች።

ሥራዋን ጨርሳ እቤቷ የደረሰችው እየሮጠች ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ተነስ! ቱቦ ይዘፍናል!»

«ቱቦ የሚዘፍነው አየር ሲገባው ነው። ሂጂና አስተንፍሺው» አላት፣ ከጋዜጣው ቀና ሳይል።

«ቀልድ አይደለም! መቁረጡን እኔ እችላለሁ። የቱ ድምፅ ከየቱ እንደሚገጥም ግን የምታውቀው አንተ ነህ።»

«ጥርስ የለኝም እኮ፣ ሴትዮ።»

«ጆሮ ደሞ መቼ ጥርስ አብቅሎ ያውቃል? ተነስ ብዬሃለሁ!»

ተነሳ። እያጉረመረመ ቢሆንም ተነሳ። በመዋዕለ ሕፃናቱ ጓሮ እሷ በመጋዝ ትቆርጣለች፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። «ገና... ገና... የጥፍር ያህል ብቻ... በቃ! እንዳትነኪው!» አመሻሹ ላይ አምስት ቱቦ አምስት ድምፅ ይዞ ቆመ። እያንዳንዱን በተለያየ ቀለም ቀቧቸው፤ ረጅሙና ወፍራም ድምፅ ያለው ቀይ ሆነ። በየሳምንቱ ሐሙስ ያለ ክፍያ እየመጡ ልጆቹን ሊያስተምሩ ከዳይሬክተሯ ጋር ተስማሙ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሐሙሶች አበሳ ነበሩ። ሰውዬው እንደ ድሮ ባንዱ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» ብሎ ሲጀምር፣ ልጆቹ «አራት! አምስት! ስድስት!» እያሉ እስከ ሃያ ቆጠሩለት። ዝም በሉ ሲል ይጮሃሉ፤ ምቱ ሲል ይፈዛሉ። በሦስተኛው ሐሙስ ተስፋ ቆርጦ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ተጠግቶ አፉን አተኩሮ አየው።

«አባባ፣ የእርስዎም ወለቀ?»

«አዎ፣ ወለቀ።»

ልጁ የራሱን ባዶ ድድ ከፍቶ አሳየው። «አይዞዎት፣ ይበቅላል። እናቴ ነግራኛለች።»

ሰውዬው በሳቅ ፈነዳ፤ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሚስቱ እንዲህ ሲስቅ ካየችው ሦስት ዓመት አልፏታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ መቁጠሩን ተወና በልጆቹ ስምና በቀለም ያስመታቸው ጀመር። «ሚ-ጢ-ጢ! ሚ-ጢ-ጢ! ቀይ!» ሲል ሁሉም ባንዴ ገባቸው።

የወላጆች ቀን ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ ልጆቹ ነጠላ ጫማቸውን እንደ ዱላ ጨብጠው ተሰልፈዋል። እትዬ ቧንቧ መጋረጃውን ገልጣ ቱቦዎቹን ስታይ፣ ቀዩ የለም!

«ዝናቡ ቢሮ ሲገባ ጊዜ...» አለ የግቢው ጥበቃ ፊቱ አመድ መስሎ፣ «ትርፍ ቱቦ መስሎኝ፣ ለመስኮቱ ውሃ ማውረጃ ሁለት ቦታ ቆረጥኩት። ይቅር በይኝ እህቴ።»

«ያለ ቀዩ ዘፈኑ እግር የለውም» አለ ባሏ።

እሷ ግን ሮጣ ውጭ ካቆመችው የዕቃ ጋሪ አንድ ረጅም ቱቦና የዕቃ ሳጥኗን ይዛ ተመለሰች። «ያለኝ ይሄው ብቻ ነው። አንዴ ካጠረ መቀጠል የለም። እዚሁ እንቆርጠዋለን!»

መድረኩ ላይ፣ ያ ሁሉ ወላጅ እያየ መጋዟን አወጣች። ቆረጠች፤ ባሏ በጫማ መታው። «ገና!» አለ። ቆረጠች፤ መታው። አሁን ልጆቹ ቀድመውት «ገና!» አሉ። በሦስተኛው ወላጆቹም ገቡበት፤ አዳራሹ «ገናአአ!» እያለ ተንቀጠቀጠ። የአንዱ ልጅ አባት ወንበር ላይ ወጥቷል። ስድስተኛው ላይ ሰውዬው ጆሮውን ቀስሮ ሰማና እጁን አነሳ።

«በቃ!»

«ገና!» የሚል አንድ ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ሚጢጢ ነበረች።

ሰውዬው ልጅቷን አየ፣ ቱቦውን አየ። ለማስተያየት አረንጓዴውን መታ፣ አዲሱን መታ፣ ደግሞ አረንጓዴውን። ፊቱ በራ።

«ልክ ናት! የፀጉር ያህል ይቀረዋል! መጋዝ አትንኪ፣ በሞረድ!»

እትዬ ቧንቧ ላቧ እየተንጠባጠበ ጠርዙን በሞረድ ፋቀችው። ሚጢጢ ራሷ መጥታ በነጠላ ጫማዋ መታችው።

«ቡም!»

«በቃአአ!» አለ አዳራሹ በሙሉ፤ ከዚያ ጭብጨባውን ማን ያቁመው? ዘፈኑ ገና ሳይጀመር ሰው ቆሞ ያጨበጭባል። ሲጀመርማ ልጆቹ እንዲህ መትተው አያውቁም። አንዱ ቢፈጥንም፣ ሌላው ጫማው ከእጁ አምልጦ ፊት ወንበር ላይ ቢያርፍም፣ አዲሱ «ቀይ» በየተራው ሲገባ ንዝረቱ ከእግር በታች ይሰማ ነበር። ሦስት ጊዜ ደገሙት። ጥበቃው በሦስተኛው ላይ የገዛ ጫማውን አውልቆ ገባበት፤ ከዚያ ወዲህም የሐሙስ ልምምድ አያመልጠውም።

በሳምንቱ ስልክ ጮኸ። የሌላ ሰፈር መዋዕለ ሕፃናት ዳይሬክተር ናቸው። ከእትዬ ቧንቧ ቀድሞ ያነሳው ባሏ ነው።

«እንመጣለን! ማክሰኞ ይመቸናል። ስንት ልጆች አሏችሁ? ሰባ?» ስልኩን በእጁ ከድኖ ወደ ጓዳ ጮኸ፦ «ሴትዮ፣ ሰባ ናቸው! ብዙ ቱቦ ያስፈልገናል፣ ቶሎ ውጪ!»