እታለም ያላየችው ባሕር

ልጄ ጽዮን የምትሠራው ቆጵሮስ ነው፤ ባሕር ዳር ባለች ከተማ አረጋውያን ትጦራለች። እዚያ ወስዳ ባሕር ልታሳየኝ ስላሰበች ሰሞኑን በየቀኑ ትደውላለች።

«እማ፣ የዊልቸርሽን ስፋት ለክተሽ ንገሪኝ» አለችኝ በቀደም። «በሆቴሉ በር የሚገባ መሆኑን ላረጋግጥ።»

ለካሁላት። ሌላ ቀን ደግሞ የመታጠቢያ ቤቱ ደፍ ከፍ ያለ መሆን አለመሆኑን ጠይቃ፣ አልጋው ዝቅ ያለ ክፍል መርጣ ደወለች። አውሮፕላን ላይ ሰዎች ደግፈው እንደሚያወጡኝ፣ ጎማው አሸዋ ውስጥ እንዳይሰምጥ እስከ ውሃው ድረስ ሳንቃ የተነጠፈበት ቦታ እንዳለ፣ ከፀሐይ የምጠለልበት ጃንጥላም እንደተያዘልኝ ነገረችኝ። ወድቄ ወገቤን ከተጎዳሁ ወዲህ ከላሊበላ ወጥቼ አላውቅም። ቆጵሮስንም የማውቃት ሐዋርያት በመርከብ እንደሄዱባት ከመጽሐፍ ሲነበብ ሰምቼ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንዲህ የምታስብልኝ ልጅ ሰጠኝ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ግን ሆዴ ባባ። መራመድ ለማይችል ሰው መንገድ ሲታሰብለት ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ አይደለም።

ታላቅ እህቴን «እታለም» ነበር የምላት። ልጅ ሳለች በበሽታ እግሮቿ ሰለሉ፤ ከዚያ ወዲያ ቆማ አልሄደችም። ቤታችን ከላሊበላ ወጣ ብሎ ገጠር ነበር። እታለም ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ጥጥ እየፈተለች በአላፊ አግዳሚው ትቀልዳለች። ሳቋ ከሩቅ ይሰማ ነበር። ይምርሐነ ክርስቶስን ተሳልመው የሚመለሱ ሰዎች ሲያልፉ ግን ቀልዷን ትታ አንድ ነገር ትጠይቃለች፤ «ባሕሩን አያችሁት?»

በዋሻው ውስጥ ያለው ቤተ ክርስቲያን የተሠራው በባሕር ላይ ነው ይባላል። ወደ ታች የሚታይባት ቀዳዳም አለች። አንዳንዱ አየሁ ይላል፣ አንዳንዱ ሰው በዝቶ አልደረሰኝም ይላል። እታለም በዐይኗ ማየት ፈለገች። ሌላ ነገር ለምና አታውቅም።

የአገራችን ቅሬ፣ ማለት ዕድሩ፣ የሞተውን ይቀብራል፤ የታመመውንም በቃሬዛ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ ያደርሳል። አባታችን በሕይወት ስላልነበረ እናቴ ራሷ ሄዳ የቅሬውን ዳኛ አያ ሞላን ለመነቻቸው።

«ቃሬዛው እኮ ለበሽተኛና ለሬሳ ነው» አለ ከተሰበሰቡት አንዱ።

«ሬሳውንስ እንሸከም የለ፤ እግዜር ይስጥልኝ እንኳ አይል» አሉ አያ ሞላ። «ይቺ ቢያንስ እያጫወተችን ትሄዳለች።»

ሰው ሳቀ፤ ነገሩም በዚያው አለቀ።

ጥቅምት ላይ፣ ወንዙ ሲጎድል፣ ጉዞው ለይምርሐነ ክርስቶስ ክብረ በዓል እንዲሆን ተቆረጠ። ቁልቁለቱ ላይ ማን ከፊት እንደሚይዝ፣ ጠባቡ መንገድ እንዴት እንደሚታለፍ፣ የትኛው ዛፍ ሥር እንደሚታረፍ ተነጋገሩ። ቃሬዛው ላይ የሚጎዘጎዘውን ሣር አያ ሞላ ራሳቸው አጨዱ። እናቴ ዳቦ ደፋች፤ ነጠላዋን አጥባ አሰጣች። እኔ የእታለምን ጠጉር ሠራሁላት።

«ባሕሩ ድምፅ ይኖረው ይሆን?» አለችኝ ስሠራት።

ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። ጤዛው እግራችንን ያረጥበዋል። ገብሱ ቢጫ ሆኗል፤ ባቄላው እሸት ነው። ተሸካሚዎቹ ትከሻ እየተቀያየሩ ሲሄዱ እታለም ከላይ ሆና «ቀስ በሉ፣ እንቁላል ነው የያዛችሁት!» እያለች ታሥቃቸዋለች። አያ ሞላም «እንቁላል እንዲህ አይለፈልፍም» ይሏታል። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

ፀሐዩ ሲበረታ እናቴ ፊቷን እንዳይመታት ብላ በታጠበው ነጠላ ከራሷ እስከ እግሯ ሸፈነቻት። ማናችንም ልብ አላልንም።

አንድ መንደር አጠገብ ስንደርስ ማሳ ላይ የነበሩ ሰዎች አዩን። በእኛ አገር ሬሳ ሲያልፍ ያየ ሰው ሥራውን ጥሎ ይሸኛል፤ የማን ነው ብሎ አይጠይቅም። ወንዶቹ ማጭዳቸውን ጥለው እየሮጡ መጡና ቃሬዛውን ከእኛ ሰዎች ትከሻ ተቀበሉ። አንዲት ባልቴት «ወይኔ! ወይኔ የእናት ሆድ!» እያሉ ደረታቸውን ይመቱ ጀመር።

ነጠላው ተገለጠ። እታለም በክንዷ ተደግፋ ቀና አለች።

«ገና ነኝ፣ እናቴ!» አለቻቸው። «እሸት ካለዎት ግን አልጠላም።»

ሰዎቹ ቃሬዛውን ሊጥሉት ምንም አልቀራቸው። ከዚያ ሣቁ። ባልቴቲቱ እንባቸውን ሳይጠርጉ ከማሳቸው ባቄላ ነቅለው አምጥተው ጭኗ ላይ ከመሩላት።

እናቴ ብቻ አልሣቀችም። መንገድ ዳር ተቀምጣለች። ፊቷ ዐመድ መስሏል።

«ልጄ በቁሟ ተለቀሰላት» አለች። «እንመለስ።»

«ስሕተት እኮ ነው እመት አበቡ፤ ነጠላው ነው ያሳሳታቸው» አሉ አያ ሞላ።

«ይህን ሟርት ይዤ ታቦት ፊት አልቀርብም። ልጄን መልሱልኝ።»

«እማ» አለች እታለም በቀስታ፣ «የቀረው እኮ ዳገቱ ብቻ ነው።»

እናቴ ተነሥታ ወደ መጣንበት መንገድ ጀመረች። ተሸካሚዎቹ አያ ሞላን አዩ፤ አያ ሞላ መሬት መሬቱን አዩ። የእናት ቃል ነውና ቃሬዛው ዞረ።

ስንመለስ እታለም አልቀለደችም። ባቄላውን እየፈለፈለች ለተሸካሚዎቹ በየተራ ታቀብላለች። ለራሷ አንዲት ፍሬ አልቀመሰችም።

በተከታዩ ክረምት ሳል ያዛት። ወንዙ ሞልቶ ጤና ጣቢያ ማድረስ አልተቻለም። በዚያው ቃሬዛ፣ በዚያው ነጠላ ተሸፍና ወጣች። እናቴ አንድም ቀን ሟርቱ ደረሰ አላለችም። «ያን ቀን ባደርሳት ምን ነበረበት» ብቻ ነበር የምትለው። ጥቅምት ሲመጣ በቤታችን የባቄላ እሸት አይበላም ነበር።

ካገባሁ በኋላ ይምርሐነ ክርስቶስ ሄጃለሁ። በቀዳዳዋ አጎንብሼ አየሁ። ጨለማ ነው፤ የእርጥብ አፈር ሽታ አለው። ጆሮዬንም አስጠጋሁ። ምንም አልሰማሁም። እናቴ «አየሽው?» ስትለኝ «ሰው በዝቶ አልደረሰኝም» አልኳት።

አልፈርድባትም። ልጅ ከወለድኩ ወዲህ ፍርሃቷን አውቀዋለሁ።

ትናንት ጎረቤቴ ሙሉ መጣች። የመንገዱን ወሬ ሰምታ ኖሮ ገና ከመቀመጧ እንባዋ ወረደ።

«በዚህ ዕድሜሽ፣ በዚህ እግርሽ የሰው አገር? እዚያው ብትቀሪስ? አፈር እንኳ ሳላለብስሽ?»

ይቅርብኝ ልላት ስልኩን ይዤ የጽዮንን ቁጥር መፈለግ ጀምሬ ነበር። እታለም በክንዷ ተደግፋ ቀና ስትል ታየችኝ።

«ገና ነኝ፣ ሙሉዬ» አልኳት። ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው። ሙሉ እያለቀሰች ሣቀች።

ለጽዮን ደወልኩላት።

«እማ፣ ጃንጥላው ብቻ ይበቃሻል? ወይስ ፊትሽን የሚሸፍን ሻሽም ልግዛልሽ?» አለችኝ።

«አትግዢ» አልኳት። «ፀሐይ ቢመታኝም ፊቴን እንዳትሸፍኚው። እስከ ውሃው ድረስ እያየሁ ልሂድ።»